የቅባቱ ዋስ ማን ነው?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥርዐት አለ። ቀን ያልተጻፈበት፣ ቍጥር ያልተሰጠው፣ የኀላፊ ስምና ፊርማ የሌለበት ደብዳቤ ወደ መዝገብ ቤት የመጣ እንደ ሆነ፣ ተቀባዩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ካየው በኋላ ላመጣው ሰው ይመልስለታል። ደብዳቤው የሚናገረው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ነገ ክርክር ቢነሣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይገኝምና ማንም በእጁ ሊይዘው አይወድም። ይኸው ጥንቁቅ ሠራተኛ ግን ወደ ማታ ከሥራው ሲወጣ ከመንገድ ዳር ሱቅ ገብቶ፣ ስሙ በወርቅማ ፊደል የተጻፈበት፣ የሠሪው አድራሻ የማይታወቅ፣ ቀንም ቍጥርም የሌለው አንድ ብልቃጥ ቅባት ገዝቶ ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ሚስቱ ፊቷን፣ ልጁ ጠጕሯን፣ እርሱም ጢሙን ከተላጨ በኋላ ጕንጩን ይቀባበታል። ደብዳቤውን የተጠራጠረ ዓይን ብልቃጡን ሳይጠራጠር መቅረቱ ምንኛ የሚያስገርም ነው!

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጕዳይ፣ የውበት መጠበቂያዎች ጤናን እንዳይጐዱ ስለ ተደነገጉት ሕጎችና በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ሕግ ስለሚያዝዘው ገላጭ ጽሑፍ ነው። የውበት መጠበቂያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የከንፈር ቀለምንና ሽቶን ብቻ ነው። በአውሮፓ ሕግ ግን ነገሩ ሰፊ ነው፤ የሰውነት ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ የጠጕር ቀለም፣ የሕፃናት ዱቄት፣ የብብት ሽታ መከላከያ፣ የጥፍር ቀለም፣ ከፀሓይ የሚከላከል ቅባት፣ እነዚህ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ «ይህስ የሴቶች ጕዳይ ነው» ብሎ ራዲዮኑን ሊዘጋ የሚያስብ ወንድ ቢኖር፣ ዛሬ ጠዋት ጥርሱን በምን እንዳጸዳ አስቀድሞ ያስታውስ። የምጠራቸውም ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የዚህ ሕግ ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ታሪክ አይደለም። አብዛኛው አንቀጽ የተጻፈው አንድ ሰው ከተጐዳ በኋላ ነውና።

በአሜሪካ በ1906 ዓ.ም. ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት የወጣው ሕግ ስለ ውበት መጠበቂያዎች አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ላሽ ሉር» የተባለ የቅንድብና የዓይን ሽፋሽፍት ማጥቈሪያ በዚያ አገር በገበያ ይሸጥ ነበር። ያጠቍርበት የነበረው ንጥረ ነገር ፓራፌኒሌንዲያሚን የተባለው፣ ዛሬም በጠጕር ቀለም ውስጥ የሚገኘው ነው። ሴቶች ለአንድ ምሽት ግብዣ ሲሉ ተቀብተውት ዓይናቸው አብጦ ቈሰለ፤ ብርሃናቸውን ያጡ ነበሩ፤ የሞተችም ነበረች። በዚያው ዘመን «ኮረምሉ» የተባለ ጠጕር ማርገፊያ ቅባት ደግሞ ታሊየም የተባለ የአይጥ መርዝ የሆነ ንጥረ ነገር ነበረበት። የመንግሥቱ የምግብና የመድኃኒት ሹማምንት ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ፎቶግራፉንም ብልቃጡንም ሰብስበው በ1933 ዓ.ም. ለሕዝብና ለምክር ቤት አባሎች አሳዩ፤ ጋዜጠኞችም ያንን ትርኢት «የዘግናኝ ነገሮች እልፍኝ» እያሉ ጠሩት። ነገር ግን ከማሳየት በስተቀር አንዱን ብልቃጥ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ለማንሣት ሥልጣን አልነበራቸውም። ዐውቆ ዝም ማለት ክፉ ነው፤ ዐውቆ፣ ተናግሮ፣ ማስቆም አለመቻል ግን ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚያም ይብሳል።

ሕጉ የወጣው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1938 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1937 ዓ.ም. አንድ መርዛም የሳል ያህል ጣፋጭ ተደርጎ የተበጠበጠ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ከገደለ በኋላ ነው። በአዲሱ ሕግ ኀይል ከገበያ ከተያዙት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ ላሽ ሉር ሆነ።

በዚሁ ሕግ ውስጥ ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጡት የጠጕር ቀለሞች በሙሉ ይከልከሉ ቢባል ነጋዴው አልተቀበለም። ስለዚህ ሕጉ በመካከል ቆመ፤ ቀለሙ ይሸጥ፤ ነገር ግን በዕቃው ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት፤ አንዳንድ ሰው ቆዳው ሊቈጣ ስለሚችል አስቀድሞ በጥቂት ቦታ ይፈተን፤ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና ተብሎ ተደነገገ። እርስዎ ዛሬ ከሱቅ የሚገዙትን የጠጕር ቀለም ካርቶን አዙረው ቢመለከቱ ያንኑ የሚመስል ቃል በደቃቅ ፊደል ታትሞ ያገኙታል። ሰው ሁሉ እንደ ተራ ወግ ቈጥሮ የሚያልፈው ያ ደቃቅ ፊደል ስለ እነዚያ ሴቶች ዓይን የተጻፈ ነው። በአውሮፓ ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር በጠጕር ላይ በሚደረግበት ጊዜ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የታሰበ እንዳልሆነም በዕቃው ላይ ይጻፋል። በጐረቤታችን በሱዳን ከሂና ጋር እየተቀላቀለ ስላስከተለው የፊትና የጕረሮ እብጠት፣ ስለ ኵላሊትም መድከም የዚያው አገር ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ሂናው ራሱ የዋህ ቅጠል ነው፤ ክፋቱ ቶሎ እንዲያጠቍር ሲባል በሚጨመርበት ላይ ነው።

ወደ ፈረንሳይ አገር እንለፍ። በ1972 ዓ.ም. እናቶች ለሕፃናቶቻቸው የሚነሰንሱት «ታልክ ሞርሃንዥ» የተባለ ዱቄት በሚታሸግበት ስፍራ ስሕተት ተደረገ። ሄክሳክሎሮፌን የተባለ ጀርም ገዳይ፣ እርሱም ነጭ ዱቄት የሆነ፣ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቀለ፤ መጠኑም ከመቶ ከ6 እጅ በላይ ሆነ። በሽንት ጨርቅ በሚሸፈነው ስስ የሕፃን ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገባ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ምክንያቱን አላወቁም፤ እናቲቱም ልጇን ለማዳን ብላ ይበልጥ ታጥበዋለች፤ ካጠበችውም በኋላ ዱቄቱን ትነሰንስለታለች። በመጨረሻ 204 ሕፃናት ታመው 36ቱ እንደ ሞቱ ታወቀ። ፈረንሳይ በ1975 ዓ.ም. ስለ ውበት መጠበቂያዎች አዲስ ሕግ አወጣች፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1976 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ማኅበረ ሰብ አገሮች የጋራ መመሪያ ተስማሙ። ያ መመሪያ ብዙ ጊዜ ከታረመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በወጣው ቍጥር 1223 ደንብ ተተካ፤ ደንቡም ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ደርሰናል። ብዙ ሰው እንደሚመስለው መንግሥት እያንዳንዱን ቅባት መርምሮ «ይሸጥ» ብሎ ማኅተም የሚያኖርበት አይደለም። መድኃኒት እንዲህ ይደረግበታል፤ የውበት መጠበቂያ ግን በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ከመሸጡ በፊት እንዲህ ያለ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ታዲያ ሕዝቡ በምን ይጠበቃል? የአውሮፓው ሕግ መልስ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ዋስ ይጠራ ይላል። እያንዳንዱ ዕቃ በሕብረቱ አገሮች ውስጥ የሚኖር አንድ ኀላፊ ሰው ወይም ድርጅት ሊኖረው ግዴታ ነው። ይህ ኀላፊ ዕቃው ጤናን የማይጐዳ መሆኑን በባለሙያ አስመርምሮ በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ለመንግሥትም ከመሸጡ በፊት ያስታውቃል፤ የዕቃውንም መዝገብ የመጨረሻው ጥቅል ለገበያ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ 10 ዓመት ይጠብቃል። ስሙና አድራሻው በዕቃው ላይ ይጻፋል። ዋስ ያለው ሰው ብድር እንደሚያገኝ፣ ዋስ ያለው ቅባትም ገበያ ያገኛል። እንግዲህ በብልቃጡ ላይ አድራሻ ፈልገው ያጡ እንደ ሆነ፣ የጐደለው ነገር ጌጥ ሳይሆን ተያዡ ራሱ ነው።

ከአድራሻው ቀጥሎ የጥቅሉ ቍጥር አለ። ይህን ቍጥር ገዢው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ፋብሪካ በአንድ ጊዜ አቀላቅሎ ያወጣው ዕቃ ሁሉ አንድ ቍጥር ይሰጠዋል። በሞርሃንዥ እንደ ሆነው በአንድ ቀን ቅልቅል ላይ ስሕተት ቢፈጸም፣ ቍጥሩ ካለ የዚያን ቀኑ ዕቃ ብቻ ተለይቶ ከየሱቁና ከየቤቱ ሊሰበሰብ ይችላል። ቍጥሩ ከሌለ ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ሁሉን ማቃጠል፣ ወይ ሁሉን መተው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ስለ ቀኑ ባጭሩ ልናገር። በአውሮፓ ሕግ ዕድሜው ከ30 ወር የማይበልጥ ዕቃ እስከ መቼ ደኅና ሆኖ እንደሚቈይ ቀኑ ይጻፍበታል። ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ግን ክዳኑ የተከፈተ የትንሽ ብልቃጥ ሥዕል ይደረግበታል፤ በውስጡም 6 ወይም 12 የሚል ቍጥር ከኤም ፊደል ጋር ይታያል። ይህም ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር ሊሠሩበት እንደሚችሉ የሚያመለክት ነው። ብዙ ሰው የዋጋ ምልክት ይመስለዋል።

የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ብዙ ያለው በፊት፣ ጥቂት ያለው በኋላ ይመጣል፤ ከመቶ ከ1 እጅ በታች የሆኑት ግን ከሌሎቹ በኋላ እንደ ወደዱ ይደረደራሉ። በዚህም ምክንያት በአብዛኛው ቅባት ላይ መጀመሪያ የምናገኘው «አኳ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ውሃ ነው። በካርቶኑ ፊት በትልቁ ሥዕሉ የታየው ውድ አበባ ግን በዝርዝሩ ጭራ ላይ ይገኛል። ይህን ያየ ሰው ስለ ዋጋው የራሱን አሳብ ይያዝ። ሽቶውም «ፓርፉም» በሚል አንድ ቃል ተሸፍኖ ያልፋል፤ ሽቶ ሠሪዎች ምስጢራቸው እንዳይገለጥ ያገኙት መብት ነው። ሆኖም የሽቶ ዕቃዎች ብዙ ሰውን እንደሚያሳክኩ ስለ ታወቀ፣ በ2003 ዓ.ም. 26 የሚሆኑት በስማቸው እንዲጻፉ ታዘዘ፤ በ2023 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አደረሰው። የ2009ኙ ደንብ በሚወጣበት ጊዜ ከነጭራሹ የተከለከሉት ንጥረ ነገሮች ከ1300 ይበልጡ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው ስለሚጻፈው ነገር ነው። ይልቁንም የሚያስፈራው ሳይጻፍ የሚቀረው ነው፤ በዚህም በኩል ከቆዳ ማንጫ ቅባቶች የሚብስ የለም።

በደቡብ አፍሪካ ሃይድሮኪኖን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው ማንጫዎች ለብዙ ዘመን በግልጥ ይሸጡ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የዚያ አገር ሐኪሞች አንድ አስደናቂ ነገር ጻፉ፤ ይኸውም ቅባቱን ለረጅም ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ፊታቸው በመንጣት ፈንታ ወደ ሰማያዊነት በሚያደላ ጥቍረት ሲጠቍርና ሲሻክር መገኘቱ ነው፤ ይህም ጥቍረት በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። መጀመሪያ መንግሥት መጠኑን ወሰነ፤ መጠኑን መወሰን ግን አልበቃም። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የቆዳ ማንጫዎች በውበት መጠበቂያ ስም እንዳይሸጡ ተከለከለ፤ ከዚህም አልፎ «ያነጣል»፣ «ያፈካል» የሚሉት ቃላት በማስታወቂያ እንዳይነገሩ ተደረገ። ቃልን መከልከል ለአንዳንድ ሰው ከመጠን ያለፈ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የሚሸጠው ቅባቱ ብቻ አልነበረም፤ የገዛ መልክን መጥላትም አብሮ ይሸጥ ነበር፤ ይህም በዝርዝሩ ላይ አይጻፍም።

ሁለተኛው ባዜቃ ነው። ባዜቃ ቆዳ ቀለሙን እንዳያወጣ ስለሚከለክል ለማንጫ ይጨምሩታል፤ ነገር ግን በቆዳ ገብቶ ኵላሊትንና ነርቭን ይጐዳል። በእናቲቱ እጅና በፎጣው አማካይነትም ቅባቱን ከቶ ያልተቀባው ሕፃን ይደርሰዋል። በጃፓን አገር በባዜቃ በተጐዳችው ከተማ በሚናማታ ስም በ2013 ዓ.ም. የተፈረመው የዓለም ስምምነት፣ ከሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ባዜቃ ያለባቸው የውበት መጠበቂያዎች እስከ 2020 ዓ.ም. እንዲቀሩ አዘዘ፤ በ2023 ዓ.ም. የተሰበሰቡት አባል አገሮችም ያችን መጠን ራሷን አንሥተው፣ ባዜቃ የተጨመረበት ማናቸውም የውበት መጠበቂያ እስከ 2025 ዓ.ም. እንዲቀር ወሰኑ። ሆኖም ተሸሽጎ የሚሠራው አልቆመም። በዝርዝሩ ላይ «መርኩሪ»፣ «መርኩሪክ»፣ «መርኩሪዮ» ወይም «ካሎሜል» የሚል ቃል ካገኙ እርሱ ባዜቃ ነው። አንዳንዱ ግን ይህን ሳይጽፍ ይቀርና፣ ቅባቱ ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ የሚል ምክር ይጽፋል። ባዜቃ ወርቅን ስለሚበላ ነው። ከቀለበትዎ ጋር የማይስማማ ቅባት ከፊትዎ ጋር ይስማማል ብለው አይመኑ።

ሦስተኛው መድኃኒት ሆኖ ሳለ ቅባት መስሎ የሚገባው ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የተባሉት ኀይለኛ መድኃኒቶች ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ ለቆዳ በሽታ ይጠቅማሉ። ያለ ሐኪም ለብዙ ወራት በፊት ላይ ሲደረጉ ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፤ የደም ሥሩ እስኪታይ ድረስ። በአውሮፓ በውበት መጠበቂያ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለዋል።

በአገራችንም ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112 የውበት መጠበቂያዎችን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በቍጥጥሩ ውስጥ አግብቷቸዋል፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚያየው በበር የገባውን ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ሲመጣ በሻንጣው ይዞት የሚገባው፣ ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ በባዶ ብልቃጥ የሚሸጠው፣ በጠጕር ቤት ጓዳ ሦስት አራት ዐይነት ቅባት ተደባልቆ «ልዩ ነው» ተብሎ የሚሰጠው፣ እነዚህ ዋስም ቍጥርም የላቸውም። ከእናንተም መካከል በጕምሩክ፣ በንግድ ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጥበቃ የምትሠሩ አላችሁ። በጠረጴዛችሁ ላይ የሚያልፈው የዕቃ ዝርዝር አሰልቺ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ የአሜሪካዎቹ ሹማምንት በ1933 ዓ.ም. ያጡት ሥልጣን ግን ዛሬ በዚያ አሰልቺ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ነው።

ስለ ኩልም አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ኩል የእናቶቻችን ጌጥ ነው፤ እኔም ልነቅፈው አልመጣሁም። ነገር ግን በአፍሪካና በእስያ ገበያዎች የሚሸጠው ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ ካለበት ድንጋይ የሚፈጭ ነው፤ እርሳስም ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ኩልን ለውበት ቀለምነት አልፈቀደችም። ትልቅ ሰው ስለ ራሱ ያስብ፤ የጨቅላውን ዓይን መኳል ግን ቢቀር ይሻላል።

በመጨረሻ፣ አንድ ቅባት ወይም ቀለም ያቃጠለዎት፣ ያሳበጠዎት ወይም ያሳከከዎት እንደ ሆነ፣ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠቡና መቀባቱን ይተዉ። በንዴት ዕቃውን ወደ ቈሻሻ እንዳይጥሉት ግን አደራ። ካርቶኑ ካለ ካርቶኑን፣ ከሌለም ብልቃጡን ከነክዳኑ በወረቀት ጠቅልለው ወደ ሐኪም ይዘውት ይሂዱ፤ ሐኪሙ ሕመሙን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል፤ የጥቅሉም ቍጥር ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ሊተላለፍ የሚችለው ያ ዕቃ ሲገኝ ነው። ቍጥሩ ከብልቃጡ ታች ወይም ከቱቦው ጠርዝ ላይ ተወግቶ የታተመ ስለ ሆነ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው ይፈልጉት።